የአሪዞናው ወንፊት ለቆሼ ይሆናልን?

ባለፈው ዓመት አንድ እጩ መምህር ለማስተማር ልምምድ በተመደበበት በአንድ የአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ቆሻሻ አያያዝ ሲያስተምር፣ እኔ ገምጋሚ ሆኜ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጬ ነበር። ዝግጅቱ ማለፊያ ነው። ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል፤ በቀለም ለይቷል፤ ድምፁም እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሰማል። በሠንጠረዡ ራስጌ ላይ በትልቁ፣ «በቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከሚገኘው ነገር ከመቶ 40 የሚበልጠው ወረቀት ነው» የሚል ተጽፏል። ይህን አንብቦ ሳይጨርስ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ ወረቀት እኮ ለባለ ሱቅ ይሸጣል፤ ማን ይጥለዋል?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እጩ መምህሩም አብሮ ሳቀና ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፈ።

ከክፍል እንደወጣን፣ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እርስዎ ከሰጡን ማስታወሻ ላይ ነው» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው። ማስታወሻውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩንም ያገኘሁት ለብዙ ጊዜ እየወደድኩ ካነበብኩት አንድ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች በመጽሐፉ ላይ የማቀርበው ሂስ ከግለ ሂስ የሚጀምር መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቅልኝ ይሁን።

መጽሐፉ አዲስ አይደለም። «ራቢሽ! ዚ አርኪዮሎጂ ኦፍ ጋርቤጅ» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የታተመ ነው። ጸሐፊዎቹም በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ መምህር የነበሩትና እ.ኤ.አ. በ2012 ያረፉት ዊልያም ራትጂ፣ እንዲሁም ከለን መርፊ የተባሉት ጋዜጠኛ ናቸው። ታዲያ የቆየ መጽሐፍ ዛሬ ለምን ይነሣል ቢባል፣ ምክንያቱ በየትምህርት ቤቱ አጥር ላይ «ቆሻሻ ሀብት ነው» የሚለው ጽሑፍ እየበዛ በመሄዱ ነው። በዓለም ዙሪያ ደግሞ ያረጁ የቆሻሻ ክምሮችን እንደ ማዕድን ሥፍራ ቆፍሮ፣ በወንፊት ነፍቶ፣ የሚጠቅመውን ለይቶ እንደገና ሥራ ላይ ስለማዋል የሚነገረውና የሚሠራው ሰፍቷል። በዚህ ጉዳይ የሚከራከር ሰው ሁሉ ያረጀ ክምር በውስጡ ምን ይዟል ከሚለው ጥያቄ ማምለጥ አይችልም። ይህን ጥያቄ ግምትን ትተው በቁፋሮና በቆጠራ ለመመለስ ከተነሡት ሰዎች መካከል ደግሞ ራትጂና ተማሪዎቻቸው ከፊተኛው ረድፍ ላይ ይገኛሉ።

ራትጂ በመጀመሪያ የጥንቱን የማያ ሕዝብ ታሪክ ያጠኑ ሰው ነበሩ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያ አብዛኛውን ዕውቀቱን የሚያገኘው ካለፉ ሰዎች ጥራጊ ነው። ስባሪ ገል፣ የተጋጠ አጥንት፣ የተጣለ መሣሪያ ታሪክ ይናገራሉ። የሞቱትን በጥራጊያቸው ማወቅ ከተቻለ በሕይወት ያሉትንስ ለምን አይሆንም? ይህን ብለው እ.ኤ.አ. በ1973 በቱሳን ከተማ ከየቤቱ የሚወጣውን የቆሻሻ ከረጢት ተማሪዎቻቸው እየከፈቱ እንዲለዩት፣ እንዲመዝኑትና እንዲመዘግቡት አደረጉ። ለዩኒቨርሲቲ ክብር የማይመጥን ሥራ ነው ያላቸው ሰው እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

መጽሐፉ ከሁሉ ይበልጥ የሚያምረው የዚህን ሥራ ውጤት በሚተርክበት ክፍል ነው። ሰዎች ስለ ኑሯቸው ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስና ከረጢታቸው የሚሰጠው መልስ አይገናኝም። በሳምንት ይህን ያህል ቢራ እጠጣለሁ ያለው ሰው ቆርቆሮው ሲቆጠር ከዚያ በላይ ሆኖ ይገኛል። ከዚህም የሚያስገርመው በ1973 አሜሪካ ውስጥ የበሬ ሥጋ በጠፋበት ወቅት የታየው ነው። ሥጋ ሲወደድ የሚጣለው ይቀንሳል ብለን እንጠብቃለን። ከረጢቶቹ ግን የሚጣለው ሥጋ መብዛቱን አሳዩ። ሰዉ እጥረቱን ፈርቶ ያገኘውን ገዝቶ አከማቸ፤ ያልለመደውንም ዓይነት ሥጋ ወሰደ፤ በኋላም ሳይበላው ቀረ። ስኳርና ዘይት ጠፋ በተባለ ጊዜ በየጓዳችን የሆነውን ለምናስታውስ ለእኛ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ከከረጢቱ ወደ ክምሩ ተሸጋገሩ። ባልዲ በተገጠመለት ትልቅ መሰርሰሪያ ያረጁ የቆሻሻ መቅበሪያዎችን እየበሱ፣ ከየጥልቀቱ የወጣውን ናሙና እያነጠፉ ቆጠሩት። ከቆፈሯቸው ሥፍራዎች አንዱ በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ጀምሮ በ2001 የተዘጋው ፍሬሽ ኪልስ የተባለው ግዙፍ መቅበሪያ ነው። ያገኙት ነገር የብዙ ሰው እምነት የነበረውን ሁለት ሐሳብ አፈረሰ። አንደኛው የተቀበረ ነገር ሁሉ ይበሰብሳል የሚለው ነው። አልበሰበሰም። ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት በፊት የተጣለ ጋዜጣ ተነበበ፤ እንዲያውም በላዩ ያለው ቀን የአፈሩን ድርብ ዕድሜ ለማወቅ እንደ ጥንት ሳንቲም አገለገለ። የበቆሎ ራስ ከነፍሬው ወጣ። በማሽን ተጠቅጥቆ፣ በአፈር ተሸፍኖ፣ ውሃና አየር የተነፈገ ቆሻሻ የመበስበስ ፍጥነቱ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑ ታየ።

ሁለተኛው ሐሳብ መጣያውን የሚሞላው የሕፃናት ዳይፐር፣ የፈጣን ምግብ መጠቅለያና የነጭ ፎም ዕቃ ነው የሚለው ነበር። ሲቆጠር ሦስቱ ተደምረው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ሆኑ። መጣያውን የሞላው ወረቀት ነበር፤ ከመቶ 40 በላይ። እነሆ፣ የእጩ መምህሬ ሠንጠረዥ ከዚህ የተቀዳ ነው።

ቁጥሩ የተሳሳተ አይደለም። ስሕተቱ ቁጥሩ ከአገሩና ከመለኪያው ተነጥሎ መምጣቱ ነው። በመጀመሪያ ከመቶ 40 የተባለው በይዘት ማለትም በሚይዘው ቦታ ተለክቶ ነው፤ በክብደት አይደለም። ጸሐፊዎቹ ይህን ያደረጉት ጉድጓድ የሚሞላው በቦታ እንጂ በኪሎ ባለመሆኑ ነው፤ ትክክልም ናቸው። በእኛ ሠንጠረዥ ላይ ግን «ከመቶ» ብቻ ተጽፎ ቀረ። የኪሎና የሊትርን ልዩነት ለሰባተኛ ክፍል የምናስተምር ሰዎች በዘጠነኛ ክፍል ሠንጠረዥ ላይ ስንዘነጋው ማፈር ይገባናል።

ሁለተኛውና ዋነኛው ነገር ልጅቱ በአንድ አረፍተ ነገር የተናገረችው ነው። በአሪዞና ቆሻሻው ከቤት ወጥቶ ወደ ከረጢት፣ ከከረጢት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ጉድጓድ ይሄዳል። በመካከሉ የሚቆም ሰው እምብዛም የለም። በአዲስ አበባ ግን አንድ የሳርዲን ቆርቆሮ ወደ ቆሼ ከመድረሱ በፊት ስንት እጅ እንደሚያልፍ እንቁጠር። መጀመሪያ በቤት ውስጥ የቅቤ ወይም የበርበሬ መሥፈሪያ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አልፎ ቢወጣ ማለዳ ማለዳ በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው ይገዛዋል። አሮጌ ልብስና ጫማ ከሆነ «ልዋጭ!» የሚለው በብርጭቆ ወይም በሳህን ይለውጠዋል። ጠርሙስ ለዘይትና ለጠላ ይፈለጋል። ሃይላንድ የምንለውን የውሃ ፕላስቲክ ልጆች በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስበው ያስረክባሉ። የደብተር ወረቀት ባለ ሱቁ ዘንድ ይሄድና የኮሎና የሚጥሚጣ መጠቅለያ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ያመለጠውን ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ በመንገድ ይለዩታል። በመጨረሻም መኪናው ቆሼ ላይ ሲገለብጥ ሜንጦ ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች ይሻሙበታል።

የእነዚህ ሁሉ እጆች መገናኛ መርካቶ ነው፤ በተለይም ምናለሽ ተራ። ከዚያ የበርሜል ቆርቆሮ ምድጃ ሆኖ፣ የዘይት ጣሳ ኩራዝ ሆኖ፣ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ይወጣል። አሁን «መልሶ መጠቀም» እያልን በየስብሰባው የምናስተዋውቀውን ነገር ምናለሽ ተራ ያለ ስብሰባ ሲሠራው ኖሯል። በነገራችን ላይ ይህን ሥፍራ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን እንኳ ለማየት የታደለ ተማሪ ያለ አይመስለኝም፤ ካለ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ቆሼ ማዕድን ነው ከተባለ፣ ማዕድኑ የወጣው ገና ሳይቀበር ነው ማለት ነው። ከታች የቀረው ማንም ሊሸጠው ያልቻለው ነው። የምግብ ትራፊ፣ ቅጠልና ልጣጭ፣ አመድ፣ የግቢ ጥራጊ አፈር፣ የቆሸሸ ፌስታል፣ የተበጣጠሰ ጨርቅ፣ ያረጀ የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ፣ ከየሕክምና ቤቱ ሾልኮ የወጣ መርፌ። ይህ ደግሞ በአሜሪካው ጉድጓድ እንደታየው ደርቆ የተቀመጠ አይደለም። ሳይጠቀጠቅና በአፈር ሳይሸፈን ለዓመታት ክረምት የጠጣ፣ የነደደ፣ የጨሰ ነው። ስለዚህ «ቆሻሻ አይበሰብስም» የሚለውንም የመጽሐፉን ግኝት እንዳለ ወደ ቆሼ መውሰድ አይቻልም። እርጥብና የምግብ ትራፊ የበዛበት ክምር ይበሰብሳል። አየር ባጣበት ጥልቀት ሲበሰብስም ሚቴን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝና ጥቁር ፈሳሽ ያወጣል። ፈሳሹ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጋዙ ወደ ላይ ይወጣል፤ ክምሩ ውስጥ ውስጡን ይላላል።

እዚህ ላይ የቆየ ቆሻሻ ቆፍሮ የማውጣት ሥራ በየአገሩ ምን እንዳስገኘ ማየት ይጠቅማል። በዚህ ሥራ ታሪክ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1953 በእስራኤል፣ በቴል አቪቭ አጠገብ በሚገኘው ሂሪያ በተባለው መጣያ የተደረገው ነው። የተፈለገውም ብረት ወይም ብርጭቆ ሳይሆን ለብርቱካን እርሻ የሚሆን አፈር ነበር። ሂሪያ ከዚያም በኋላ ማደጉን ቀጥሎ ቁመቱ 60 ሜትር ያህል ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ተዘጋ፤ ዛሬ በመናፈሻ ውስጥ ያለ ኮረብታ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ኔፕልስ በተባለችው ከተማ ያለው መጣያ መቆፈር ጀመረ። ለአዲስ ቆሻሻ መሸፈኛ የሚሆን አፈር በብዛት ተገኘ። ብረቱና ፕላስቲኩ ግን ተጨማሪ ማጣሪያ ሳይደረግለት ገበያ የሚቀበለው ዓይነት አልነበረም። በፔንሲልቬኒያ ላንካስተር ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የቆየውን ቆሻሻ እያወጡ ከአዲሱ ጋር ቀላቅለው ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ምድጃ አነደዱት። ዓላማቸው ምድጃው እንዳይራብና ጉድጓዱ ቦታ እንዲያገኝ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ወደ እኛ የሚቀርበው የሕንዷ ኢንዶር ከተማ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 1.3 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ያረጀ ክምር በወራት ጊዜ ውስጥ ከመሬት ላይ አነሡ። አሠራሩ የሚያስደንቅ ምሥጢር የለውም። ክምሩን በረድፍ በረድፍ እየናዱ አየር እንዲያገኝና እንዲደርቅ ያደርጉታል፤ ከዚያም እንደ በርሜል በሚሽከረከር ትልቅ ወንፊት ይነፉታል። ደቃቁ አፈር በአንድ በኩል፣ ድንጋዩና ስባሪው በሌላ በኩል፣ ፌስታሉና ጨርቁ ደግሞ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ማገዶ እንዲሆን ለብቻው ይወጣል። በዚህ ሥራ የተገኘው ትልቁ ነገር ምንድን ነው? መሬቱ ነው። ወደ 100 ኤከር የሚሆን የከተማ መሬት።

ከእነዚህ አገሮች የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ያረጀ ክምር ሲነፋ ብዙ ጊዜ ግማሹ ወይም ከግማሽ የሚበልጠው አፈር መሰል ደቃቅ ነገር ነው፤ ብረቱ ከመቶ ጥቂት እጅ ነው፤ እሱም የዛገ ነው። የቁፋሮው ወጪ የሚመለሰው ከብረት ሽያጭ ሳይሆን ከሚገኘው ቦታ፣ ከሚጠበቀው የከርሰ ምድር ውሃና ከሚወገደው አደጋ ነው። ይህን ሳንነግራቸው «ቆሻሻ ሀብት ነው» ያልናቸው ተማሪዎች ቆሼ ውስጥ የተቀበረ ወርቅ ያለ ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም።

ስለ አፈሩ ዝም ብዬ ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። በዚያው የልምምድ ወቅት ያነበብኩት ሌላ የትምህርት ዕቅድ «ከአሮጌ ቆሻሻ መጣያ ጥቁር አፈር አምጥቶ በትምህርት ቤቱ ጓሮ ጎመንና ሰላጣ መትከል» የሚል ተግባራዊ ሥራ ነበረው። ሐሳቡ የመጣው ከቅንነት ነው፤ አፈሩም በእጅ ሲይዙት ለም ይመስላል። ግን በ1953 ከሂሪያ የወጣው አፈርና ዛሬ ከአንድ የከተማ መጣያ የሚወጣው አፈር አንድ አይደሉም። በመካከሉ የባትሪ፣ የቀለምና የኤሌክትሮኒክስ ዘመን አልፏል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ናይሮቢው ዳንዶራ መጣያ ያወጣው ጥናት እዚህ ላይ ይጠቀሳል። በአካባቢው ከሚኖሩት ውስጥ 328 ሕፃናትና ወጣቶች ተመርምረው፣ ግማሾቹ በደማቸው ውስጥ የተገኘው እርሳስ የተባለው ብረት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ካስቀመጡት ወሰን በላይ ነበር። እርሳስ በጭስም በአቧራም በአፈርም ይመጣል። የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፤ በአፈር ውስጥም ዓመታት ቢያልፉ አይበሰብስም። የዚያን ዕቅድ ባለቤት ጠርቼ አፈሩ በቤተ ሙከራ ካልተመረመረ በስተቀር ሰላጣው እንዳይተከል ነገርኩት። ማዳበሪያ ከተፈለገ ከምግብ ቤቱ የሚወጣው ልጣጭ እዚያው ግቢ ውስጥ ሳይቀላቀል ይበስብስ። ይህ ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ ከቆየ ቆሻሻ ጋር አንቀላቅለው።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ጸሐፊዎቹ ሰውን ማስገረም ይወዳሉ። በየምዕራፉ አንድ የታወቀ እምነት ያቆሙና በቁጥር ይጥሉታል፤ አንባቢም እየሳቀ ይከተላቸዋል። ችሎታቸውን አደንቃለሁ። ነገር ግን አንድ ፍርሃት በጣሉ ቁጥር ተረጋግተው የሚሄዱበት ልማድ አላቸው። አገሩን ቆሻሻ ሊውጠው ነው የሚለውን ጩኸት የተጋነነ ነው ይላሉ፤ በሚገባ የተሠራ መቅበሪያም ክፉ ነገር አይደለም ይላሉ። ለጻፉበት አገር ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። እኔም ማስታወሻዬን ባዘጋጀሁ ጊዜ ይህ መረጋጋት ሳይታወቀኝ ተጋብቶብኝ ነበር።

ቆሼ ግን «በሚገባ የተሠራ መቅበሪያ» አልነበረም። ከ50 ዓመት በላይ ሲከመርበት የኖረ ክፍት ሥፍራ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ የተከፈተው አዲስ መቅበሪያ ከአካባቢው ገበሬዎች በተነሣ ተቃውሞ በዚያው ዓመት ሲዘጋ፣ ቆሻሻው ተመልሶ እዚያው ክምር ላይ ወደቀ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የክምሩ አንድ ወገን ተንዶ በሥሩና በላዩ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱ መካከል ኑሯቸው ያንኑ ቆሻሻ መልቀም የነበሩ፣ ልጆችም ይገኙባቸዋል። ይህ በእኛ ከተማ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በፊሊፒንስ ፓያታስ፣ በ2005 በኢንዶኔዥያ ሌዊጋጃ፣ በ2024 በካምፓላ ኪቴዚ ተመሳሳይ ክምር ተንዶ ሰው ፈጅቷል።

ስለዚህ ያረጀ ክምርን መቆፈር ለእኛ ከሁሉ በፊት የሰው ሕይወት ጥያቄ ነው። ሲቆፈርም አደጋው እንዳለ ነው። የአንድን ቁልቁለት እግር የቆረጠ ሰው ላዩን ይንዳል፤ ተቀጣጣይ ጋዝ የያዘን ክምር የከፈተ ሰው እሳት ሊያገኘው ይችላል። ከላይ ወደ ታች፣ በደረጃ በደረጃ፣ ጋዙ እየተለካ ካልሆነ አይነካም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው ሥፍራ የተመረቀው የረጲ የኤሌክትሪክ ማመንጫም ብዙ ጊዜ በክፍል ውስጥ የቆሼ መፍትሔ ሆኖ ይጠቀሳል። የታቀደው በየቀኑ የሚመጣውን እስከ 1,400 ቶን አዲስ ቆሻሻ ለማንደድ እንጂ ለዓመታት የተቆለለውን ለመናድ አልነበረም። እርጥብ ልጣጭ የበዛበት ቆሻሻ ደግሞ እንደ ደረቅ ወረቀት አይነድም፤ እርጥብ እንጨት ለማያያዝ የሞከረ ሁሉ ይህን ያውቃል። እነሆ፣ የልጅቱ ጥያቄ እስከ ምድጃው ድረስ ተከተለን።

መጽሐፉ የአሪዞና ተማሪዎች እንዴት እንደሠሩም ያሳየናል፤ ጓንት አድርገው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ክትባት ወስደው። ያንኑ ሥራ ቆሼ ላይ በባዶ እጅ የሠሩት ሰዎች ከራትጂ የማይተናነስ ዕውቀት እንዳላቸው አምናለሁ። የትኛው ሰፈር መኪና ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ከበዓል ማግሥት ምን እንደሚበዛ፣ የትኛው ፕላስቲክ ገዢ እንዳለው ያውቃሉ። ማስታወሻዬን ስጽፍ ከእነርሱ አንዱን እንኳ አልጠየቅሁም። ከቱሳን የመጣውን ቁጥር አምኜ፣ መኪናው በደጄ የሚያልፈውን ሰው ዘለልሁት። በመጽሐፉ ላይ ካቀረብሁት ነቀፋ ሁሉ ይህ ይከብዳል፤ የሚወድቀው ግን በእኔ ላይ ነው።

መጽሐፉን ከማስተማሪያዎቼ አላወጣሁትም፤ የማወጣውም አይመስለኝም። እጩ መምህራን የሚቀበሉትን ግን ለውጫለሁ። ቁጥሮቹን የያዘው ገጽ ቀርቶ፣ ተማሪዎች ከረጢት ከፍተው የሚለዩበትንና የሚመዘግቡበትን አሠራር የሚገልጸውን ብቻ ተርጉሜ እሰጣለሁ። ለክፍል ሥራም ከባለ ሱቅ የተዋሰ ሚዛን፣ ባዶ ባልዲ ለይዘት፣ ጓንት፣ አንድ ሰፊ ሸራና ደብተር ይበቃል። መርፌ ወይም ስባሪ ጠርሙስ ሊኖርበት የሚችለውን ተማሪ እንዳይነካው መምህሩ አስቀድሞ ማየት አለበት። ወደ መጣያው ሥፍራ ተማሪ ይዞ መሄድ ግን አያስፈልግም፤ አልፈቅድምም።

ያ እጩ መምህር ትምህርቱን በሌላ ሳምንት በዚያው ክፍል እንደገና ሰጠ። ሦስት ቀን የተጠራቀመውን የትምህርት ቤቱን ቆሻሻ በግቢው ሸራ አንጥፈው ለዩ። ጥያቄ የጠየቀችውን ልጅ መዝጋቢ አደረጋት። ልጣጩና የእንጀራ ፍርፋሪው ከሁሉ በለጠ፤ አፈሩና ቅጠሉ ተከተለ፤ ፌስታሉ በሚዛን ጥቂት፣ በባልዲ ግን ብዙ ሆነ፤ በዚህም በኪሎና በሊትር መካከል ያለው ልዩነት ያለ ገለጻ ገባቸው። ወረቀት ግን የለም ለማለት ይቻላል። አራት መቶ ተማሪ በየቀኑ በሚጽፍበት ግቢ ወረቀት የት ገባ ተባለ። በሩ ላይ ቆመው ሲመለከቱ የነበሩት ጥበቃው አባባ፣ «ወረቀቱንማ እኔ ማለዳ ከየክፍሉ ለይቼ አስቀምጠዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወስደው ሰው አለኝ» አሉ። ልጅቱ ማስመሪያዋን አወጣችና ከሠንጠረዡ በስተግራ ያልነበረ አንድ ዐምድ አሰመረች፤ በራስጌውም «ከመጣሉ በፊት የተወሰደ» ብላ ጻፈችበት፤ ከዚያም በኪሎ ስንት እንደሚሆን ለመጠየቅ ወደ አባባ ሄደች።